ለረጃጅሞቹ ብስክሌተኞች ልካቸው ይፈለግላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በማለዳ የሚጓዝ ሰው የሐረጎን ዳገት በኮርስ፣ ማለትም በውድድር ብስክሌት የሚወጡ ወጣቶች ማየቱ አይቀርም። ከመካከላቸው ቁመተ ሎጋ የሆኑትን ልብ ብሎ ላየ ደግሞ ነገሩ ወዲያው ይገለጥለታል። ቴላዮው፣ ማለትም የብስክሌቱ አጽም፣ ከሥራቸው አንሷል። የኮርቻው ቧንቧ እስከ መጨረሻው ተመዟል። ጀርባቸው ጎብጦ፣ መንገዱን ለማየት አንገታቸው ወደ ላይ ተቀልብሷል። ብስክሌቱ ለእነሱ አልተሠራም። ይህ ጉዳይ የምቾት ብቻ ሳይሆን የአካልና የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ገዢም፣ ሻጭም፣ አሰልጣኝም ማወቅ ያለበትን በዝርዝር መጻፍ አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ነገሩ የሚበላሸው ግዢው ላይ ነው። ያገለገለ ኮርስ ሲፈለግ በቀላሉ የሚገኘው 54 ወይም 56 ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የቴላዮው መጠን በሳንቲም ነው። 1 ሜትር ከ90 የሆነ ልጅ መጥቶ ሲሞክረው የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ኮርቻውን ከፍ እናደርግልሃለን» ይባላል። ኮርቻ ከፍ ማድረግ የሚያስተካክለው የእግርን ርዝመት ብቻ ነው። የጀርባና የክንድ ርዝመት ቦታ ሳያገኝ ይቀራል፤ መሪውም በነበረበት ዝቅ ብሎ ይቀራል።

መጀመሪያ ልኬቱ። የሚያስፈልገው ሜትር፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍና ግድግዳ ነው። ልጁ ጫማውን አውልቆ፣ ቁምጣ ለብሶ፣ ተረከዙንና መቀመጫውን ከግድግዳው አስጠግቶ ይቁም፤ በእግሮቹ መካከል 15 ሳ.ሜ. ያህል ክፍተት ይኑር። መጽሐፉ ጠርዙ ግድግዳውን እየነካ በጭኖቹ መካከል ወደ ላይ ይገፋ፤ ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማውን ያህል እስኪጫነው ድረስ። ከዚያ ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ይለካ፤ የውስጥ እግር ልክ የሚባለው ይህ ነው። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መያዝ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሱሪውን የውስጥ ስፌት ልክ ይናገራል። ያ ልክ ከእውነተኛው በብዙ ሳንቲም ያንሳል፤ ተከትሎት የሚመጣው ስሌት ሁሉ አብሮት ይሳሳታል።

የተገኘው ቁጥር በ0.883 ሲባዛ ከፔዳሉ እምብርት፣ ማለትም የፔዳል ክንዶቹ ከሚዞሩበት መሐል፣ እስከ ኮርቻው ወለል ያለውን ከፍታ ይሰጣል። ይህ በአሜሪካዊው ብስክሌተኛ ግሬግ ሌሞንድ ስም የሚታወቀው፣ ከፈረንሳዊው አሰልጣኝ ሲሪል ጊማር የመጣው ስሌት ነው። መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ጫማው ወፍራም ከሆነ ወይም የፔዳል ክንዱ ረጅም ከሆነ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ ይላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ልጁ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዙን ፔዳሉ ላይ ያድርግ፤ ፔዳሉ ከታች፣ ክንዱ ከኮርቻው ቧንቧ ጋር በአንድ መስመር ሲሆን እግሩ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ ከጣቶቹ ሥር ያለውን የእግሩን ወፍራም ክፍል ፔዳሉ ላይ ሲያሳርፍ ጉልበቱ በልኩ ይታጠፋል። ወደ ኋላ ሲያሽከረክር ዳሌው ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ኮርቻው ከፍ ብሏል።

አሁን ወደ 1 ሜትር ከ90ው ልጅ እንመለስ። የውስጥ እግሩ 92 ሳ.ሜ. ነው እንበል። የኮርቻው ከፍታ 81.2 ሳ.ሜ. ይሆናል። የቀረበለት ቴላዮ ከእምብርቱ እስከ ኮርቻ ቱቦው (የኮርቻው ቧንቧ እስከሚገባበት የቴላዮ ቱቦ) ጫፍ 56 ሳ.ሜ. ከሆነ 25 ሳ.ሜ. ይጎድላል። ኮርቻው ከነመያዣው ወደ 5 ሳ.ሜ. ይሸፍናል፤ ቀሪው 20 ሳ.ሜ. በቧንቧው ሊሞላ ነው። ቧንቧው በጠቅላላው 25 ሳ.ሜ. ከሆነ፣ እንዲህ ያለ አጭር ቧንቧ ደግሞ በአሮጌ ኮርሶች ላይ ብዙ ነው፣ ቴላዮው ውስጥ የሚቀረው 5 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። ቧንቧው ላይ የተቀረጸው፣ ከዚህ በላይ አይውጣ የሚለው የመጨረሻ መስመር አልፎ ወጥቷል ማለት ነው።

ያ መስመር ለጌጥ አልተቀረጸም። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየጉድጓዱ ሲነጥር ቧንቧው እንደ ድጅኖ የኮርቻ ቱቦውን አፍ ይፈለቅቃል። ስንጥቁ የሚጀምረው ከቱቦው ጀርባ፣ ማጥበቂያው ከተሰነጠቀበት ክፍተት ሥር ወይም ከላይኛው ቱቦ ጋር ከተበየደበት መገናኛ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ይታያል፤ ብዙ ሰው ጭረት ነው ብሎ ያልፈዋል። ጥፍር ከያዘ ጭረት አይደለም፤ ብስክሌቱ በዚያው ቀን ይቁም። ብረት ቴላዮ ሥራውን በሚያውቅ በያጅ ሊጠገን ይችላል። አልሙኒየም ግን በፋብሪካ በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ ብየዳው ስለሚያጠፋበት ተበይዶ ቢያምርም መታመን የለበትም።

ቧንቧውን በ35 ወይም በ40 ሳ.ሜ. መለወጥ የመሰንጠቁን አደጋ ያቃልላል። የቧንቧው ውፍረት ግን ከቱቦው ጋር ፍጹም መግጠም አለበት፤ 27.2 ሚ.ሜ. የሚለው ላይ 27.0 አስገብቶ በጣሳ ቆርቆሮ ማጣበቅ ሌላ ስንጥቅ መጥራት ነው። ከዚያ ወዲያ የመሪው ጉዳይ አለ። ኮርቻው በዚህ ከፍታ ሲቀመጥ 56 ቁጥር ቴላዮ ላይ መሪው ከኮርቻው ወደ 15 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ይቀራል። ልኩ በሆነ 60 ወይም 61 ቁጥር ላይ ልዩነቱ ወደ 10 ሳ.ሜ. ይወርዳል። አምስቷ ሳንቲም ትንሽ ትመስላለች። የሰውነቱን ክብደት ወደ መዳፉ የምታዘነብለው ግን እሷ ናት፤ ከ40 ኪሎ ሜትር በኋላ የትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት መደንዘዝ፣ የአንገት ሥር መንዘር፣ የወገብ መጨምደድ ከዚያ ይመጣል። ልጁ አልጠነከረም ይባላል፤ ልኩ አልተገኘለትም።

ስለዚህ ቴላዮ ሲመረጥ የሚቀድመው ሌላ ነገር ነው። ቱቦው ላይ የተለጠፈው ቁጥር አያታልል። አንዱ ፋብሪካ ከእምብርቱ እስከ ላይኛው ቱቦ መሐል ይለካል፣ ሌላው እስከ ጫፉ፣ ሌላው ደግሞ ቱቦው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ስለሆነ በሐሳብ የተሠመረ መስመር ይለካል። የአንዱ 58 የሌላው 61 ሊሆን ይችላል። ቴላዮው ላይ ቆሞ «ከብልትህ በታች ሦስት ጣት ክፍተት አለ?» የሚለው የድሮ ሙከራም የሚሠራው የላይኛው ቱቦ አግድም ቀጥ ባለበት ዘመን ነበር። ያዘቀዘቀ ቱቦ ላይ አጭሩም ረጅሙም ያልፈዋል።

የማያታልሉት ሁለት ልኮች ናቸው፤ ፋብሪካዎች «ስታክ» እና «ሪች» ይሏቸዋል። ስታክ ከፔዳሉ እምብርት እስከ መሪው ቱቦ (ቴላዮው ፊት ላይ መሪው የሚገባበት ቱቦ) አናት ያለው የቁም ከፍታ ነው። ሪች ደግሞ በእነዚያው ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው የአግድም ርቀት ነው። ሰንጠረዥ ባይኖርም ሱቅ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ወለሉ ውሃ ልኩን የጠበቀ መሆኑ ይታይ፤ ብስክሌቱ የኋላ ጎማው ግድግዳ ነክቶ ቀጥ ብሎ ይቁም። ከግድግዳው እስከ እምብርቱ መሐል፣ ከዚያም ከግድግዳው እስከ መሪው ቱቦ አናት መሐል ይለካ፤ ልዩነቱ ሪች ነው። ከወለሉ እስከ እምብርቱ፣ ከወለሉም እስከ ቱቦው አናት ይለካ፤ ልዩነቱ ስታክ ነው። ከአናቱ ላይ የግንበኛ ቱንቢ ማውረድ የግድግዳውን ልኬት ያቀላል። ሁለት ሰው ካለ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከ1 ሜትር ከ88 በላይ ለሆነ ተወዳዳሪ ስታኩ ከ60 እስከ 64 ሳ.ሜ.፣ ሪቹ ከ39.5 እስከ 41 ሳ.ሜ. አካባቢ ይፈለግ። በድሮው አነጋገር የላይኛው ቱቦ አግድም ልኬት 59 ወይም 60 ሳ.ሜ.፣ የመሪው ቱቦ ቁመት 20 ሳ.ሜ. ገደማ ማለት ነው። ከሩቅ ለመለየት የመሪውን ቱቦ ማየት ይበቃል፤ የላይኛውና የታችኛው ቱቦ እዚያ ላይ ሊነካኩ ከደረሱ ቴላዮው የአጭር ሰው ነው።

ግን ሁለት እኩል የረዘሙ ልጆች አንድ ብስክሌት ላይስማማቸው ይችላል። 1 ሜትር ከ90 ሆኖ የውስጥ እግሩ 95 የሆነ ልጅ እግሩ ነው የረዘመው፤ ጀርባው አጭር ነው። ለእሱ ስታኩ ከፍ ያለ፣ ሪቹ ያልተጋነነ፣ ለረጅም ርቀት ምቾት ተብሎ የሚሠራው ዓይነት ይሻለዋል። የውስጥ እግሩ 87 የሆነው ደግሞ ቁመቱን የያዘው ጀርባው ነው፤ እሱ ዝቅና ረዘም ያለውን የውድድር ቴላዮ ያለ ችግር ይጋልባል። አሰልጣኞች ቁመትን ብቻ ጽፈው ብስክሌት ሲያከፋፍሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የቀረውን ልዩነት መሪውን ከቴላዮው ጋር የሚያያይዘው የመሪው አንገት ይጨርሳል። ለረጅም ሰው ከ11 እስከ 13 ሳ.ሜ. የሆነ አንገት ትክክለኛ ነው። 14 ካስፈለገው ቴላዮው አጥሮታል፤ ከ10 በታች ካስፈለገው ረዝሞበታል። በአንገቱ ሥር ቀለበት እየጨመሩ መሪውን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ መሪው በ1 ሳ.ሜ. ከፍ ሲል ግን ቱቦው ዘንበል ያለ ስለሆነ 3 ሚ.ሜ. ወደ ጋላቢው ይመለሳል። ፎርቼላው፣ ማለትም የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ፣ ካርቦን ከሆነ ከ3 ሳ.ሜ. በላይ ቀለበት መደርደር ለአደጋ ያጋልጣል፤ የፋብሪካው ወሰን ይጠየቅ። ያገለገለ ሲገዛ ደግሞ በመሪው ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው የፎርቼላው ዘንግ ምን ያህል ተቆርጦ እንደቀረ ይታይ። የቀድሞው ባለቤት አጭር ሰው ከነበረና አሳጥሮ ከቆረጠው ማስረዘሚያ የለውም፤ ቴላዮው 61 ቢሆንም መሪው ከፍ አይልም። አሮጌው ባለ ሽብልቅ አንገት ከፍ ዝቅ ይላል፤ እሱም የራሱ የመጨረሻ መስመር አለው።

ኮርቻው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚቀመጥበት ቦታም በቱንቢ ይለካል። ፔዳሎቹ በአግድም ቆመው ከፊተኛው ጉልበት፣ ከሎሚው ሥር ካለችው አጥንት የወረደ ክር የፔዳሉን ዘንግ መሐል ቢነካ ወይም አንድ ሳንቲም ወደ ኋላ ቢል መልካም መነሻ ነው። ጭኑ የረዘመ ልጅ ወደ ኋላ መሄድ ይኖርበታል። ቀጥ ያለ ቧንቧ ካልበቃው ወደ ኋላ ቆልመም ያለ ራስ ያለው ቧንቧ ይገዛለት። ከጉልበቱ ፊት ለፊት የሚያመው ብዙውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ያለ ወይም ወደ ፊት የተጠጋ ነው፤ ከጉልበቱ ጀርባ የሚያመው ከፍ ያለ ነው። ማስተካከያው በአንድ ጊዜ ከ5 ሚ.ሜ. አይብለጥ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ጋልቦ ማየት ነው።

የፔዳል ክንድ ለረጃጅሞች 175 ሚ.ሜ. የተለመደ ነው፤ 170 ቢገኝም አይገድልም። 170ውን በ175 የለወጠ ሰው ግን ኮርቻውን 5 ሚ.ሜ. ዝቅ ማድረጉን አይርሳ፤ ፔዳሉ ያን ያህል ወደ ታች ወርዷልና። የመሪው ስፋት ከትከሻ አጥንት እስከ ትከሻ አጥንት ይለካ፤ 42 ወይም 44 ሳ.ሜ. ይመጣል። ቸርኬው ከትንሽ እስከ ትልቅ ቴላዮ በአብዛኛው ያው 622 ሚ.ሜ. ነው፤ ስለዚህ ከ85 ኪሎ በላይ የሆነ ልጅ 20 ሽቦ ካለው ቸርኬ ይልቅ 32 ሽቦ ያለውን ይምረጥ፤ ቴላዮው ካስገባለት ደግሞ 28 ሚ.ሜ. ጎማ ያስገባ።

ከሁሉ በላይ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈው የሐረጎ ቁልቁለት ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ትገኛለች። በሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ከባድ መኪና አብሮ ይወርዳል፣ መታጠፊያው ተከታታይ ነው። ረጅም ሰው ትንሽ ቴላዮ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ ከፍ ብሎ፣ እጁ መሪውን ተጭኖት ነው የሚወርደው። በሰዓት 50 እና 60 ኪሎ ሜትር ላይ መሪው በድንገት መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል፤ መጀመሪያ በስሱ፣ ከዚያ ቴላዮው በሙሉ እንደ እባብ እስኪጥመዘመዝ። የመጀመሪያው ደመ ነፍስ መሪውን አንቆ መያዝ ነው፤ ያ ደግሞ ያባብሰዋል። መፍትሔው ሌላ ነው። አንድ ጉልበት ወይም ሁለቱም የላይኛውን ቱቦ አጥብቀው ይንኩ፤ ንዝረቱን የሚገድለው ይህ ነው። ክርን ይላላ፣ መዳፍ መሪውን ቀለል አድርጎ ይያዝ፣ መቀመጫ ከኮርቻው ትንሽ ይነሳና ክብደቱ ፔዳሎቹ ላይ ይረፍ። ፍሬኑ በቀስታ ይያዝ፤ በድንገት አይጨመቅ።

ከታች ሲደረስ ምክንያቱ ይፈለግ። የፊት ፍሬኑን ይዞ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነቀንቁት ከመሪው ቱቦ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። ቸርኬውን በጎን ሲገፉት ከተንቀሳቀሰ የመሐሉ ኩሽኔታ ነው። ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በጣት መጭመቅም የላላውን ያሳያል። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው መንቀጥቀጡ ከተመለሰ ቴላዮው ለልጁ አልሆነም፤ በሐርቡና በከሚሴ ሜዳ ላይ ቢጋልብበት እንጂ ሐረጎን አይውረድበት። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬንን ሳይለቁ መጎተትም ለከባድ ሰው አደጋ አለው፤ ቸርኬው ይግልና ጎማውን ሊያፈነዳ ይችላል። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ ይዞ፣ ቀጥ ባለው ላይ መልቀቅ ይሻላል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ደግሞ አንድ ነገር። የኮርቻውን ማጥበቂያ ፈትቶ ቧንቧውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። ብረት ቴላዮ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ አልሙኒየም ቧንቧ ዝጎ ከቱቦው ጋር ይጣበቃል። አጭር ሰው የጋለበበትን ብስክሌት የገዛ ረጅም ልጅ ቧንቧው አልወጣ ብሎት ቤት ከደረሰ በኋላ በመዶሻ ሲታገል ቴላዮውን ያጣምማል። የማይንቀሳቀስ ቧንቧ ያለው ብስክሌት ለረጅም ሰው ዋጋ የለውም፤ ሻጩ ራሱ አስለቅቆ ያሳይ። ከወጣ በኋላ ግራሶ ቀብቶ መመለስ ነው፤ ካርቦን ከሆነ ግን ግራሶ አይነካው፣ የራሱ የካርቦን ቅባት አለው።

ገና በማደግ ላይ ያሉ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች በየሦስት ወሩ ይለኩ። «ያድግበታል» ተብሎ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ቴላዮ መግዛትም ትክክል አይደለም፤ የአንድ ቁጥር ልዩነትን በአንገቱና በቧንቧው መሸፈን ይቻላል፣ የሁለትን ግን አይቻልም።

በመጨረሻ ለስፖርት ጽሕፈት ቤቶችና ለክለቦች የማቀርበው ልመና አለ። ይህች አገር ብስክሌተኞቿን ያሰለፈችው ገና በመጀመሪያው የኦሎምፒክ ተሳትፏችን፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነበር፤ ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የወሎ ልጆችም መንገዱና ከፍታው አላቸው። ብስክሌት በጅምላ ሲገዛ ጨረታው ላይ «ኮርስ ብስክሌት፣ ብዛት አሥር» ብሎ መጻፍ ይቅር። ከጨረታው በፊት የእያንዳንዱ ልጅ ቁመት፣ የውስጥ እግር ልክና የትከሻ ስፋት ተለክቶ በዝርዝር ይያያዝ፤ ከአሥሩ ሁለቱ 60 ወይም 61 ቁጥር የሚያስፈልጋቸው ከሆነ በስማቸው ይገዛላቸው። ሻጮችም 56ን ለሁሉ ከማልበስ ይልቅ ከሚያመጡት ጭነት ውስጥ ጥቂት ትልልቅ ቴላዮዎች ይጨምሩ።

ከአክብሮት ጋር
የብስክሌት ባለሙያ፣ ከደሴ